ድድ ሲሸሽ፦ የድድ ንቅለ ተከላ ምንድን ነው? ለማንስ ያስፈልጋል?

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች፣ የጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ላይ የሚሰማው ቅሬታ ይመሳሰላል። አንዷ «ጥርሴ ረዘመብኝ» ትላለች። ሌላው «ድዴ ተበላ» ይላል። ሦስተኛው ምክንያቱንም አልጠየቀ። ቀዝቃዛ ውኃ በነካው ቁጥር ስለሚጠዘጥዘው «ንቀሉልኝና ልረፍ» ብሎ ነው የመጣው። ሦስቱንም ያመጣቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ድዳቸው ሸሽቷል።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ደግሞ ወይ ተስፋ ነው ወይ ማስፈራሪያ። በአንድ በኩል «የሸሸ ድድ በሳምንት የሚመልስ» ዘይትና ዱቄት ይሸጣል። በሌላ በኩል «ከላንቃው ሥጋ ቆርጠው ድዱ ላይ ሰፉለት» የሚል ቪዲዮ ይዞራል፤ ያየው ሁሉ አፉን ይይዛል። ዘይቱ የተባለለትን አያደርግም። ቀዶ ሕክምናው ግን እውነት ነው፤ የድድ ንቅለ ተከላ ይባላል። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ስስ ሥጋ ሥሩ በተራቆተ ጥርስ ላይ ይተከላል። በቪዲዮ እንደሚታየው አያስፈራም። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። እንዲያውም ድዱ የሸሸበት ሰው ሁሉ ቢላ ሥር መግባት አይጠበቅበትም።

ድድ ሸሸ ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው?

ስንስቅ የሚታየው የጥርስ አናት ነው። ሥሩ ድድና አጥንት ውስጥ ተቀብሯል። አናቱን የሸፈነው ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ አጥንት እንኳ አይደርስበትም። ሥሩ ግን ኢናሜል የለውም። የለበሰው በጣም ስስ ሽፋን ነው። ድድ ይህን ሥር ሸፍኖ፣ ኢናሜሉ የሚጀምርበት ድንበር አካባቢ ይቆማል። ጤነኛ ሲሆን በድዱና በጥርሱ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትጠልቅ ጠባብ ክፍተት ብቻ አለች።

ድድ ሸሸ የምንለው ጠርዙ ያን ድንበር ለቆ ወደ ሥሩ ሲሄድ ነው። ጥርሱ የረዘመ የሚመስለው ተቀብሮ የነበረው ሥር ስለወጣ ነው። በመስታወት ልብ ብላችሁ ብታዩት ቀለሙም ይለያል፤ ሥሩ ወደ ቢጫ ያደላል።

ጥዝጣዜውም ከዚህ ይመጣል። የሥሩ ስስ ሽፋን በቀላሉ ይፋቃል። ከሽፋኑ ሥር ያለው የጥርስ አካል በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ቱቦዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ወደ ነርቩ አቅጣጫም ይዘልቃሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ነፋስ ሲነካቸው ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ ነርቩም ይቆጣል። ሌላም ጣጣ አለ። አሲድ የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ኢናሜል ማዕድኑን ማጣት የሚጀምረው የአፍ ፒኤች ወደ 5.5 አካባቢ ሲወርድ ነው። ሥሩ ግን ፒኤቹ ገና ከ6 በላይ እያለ፣ በጣም ቀላል በሆነ አሲድ፣ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ የተራቆተ ሥር ቶሎ ይቦረቦራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ በሱ ላይ ነው የቆመው። ድድ የተቀመጠው አጥንት ላይ ነው። ከሥሩ በቂ አጥንት ያለው ድድ ዝም ብሎ አይሸሽም። በሸሸበት ቦታ አጥንቱ ወይ ቀድሞ ሄዷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ስስ ነበር።

ለምን ይሸሻል?

ሁለት ትልልቅ ምክንያቶች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ጥርስን አለማጽዳት ነው። ሌላው ጥርስን ከልክ በላይ መፈተግ ነው።

አለማጽዳቱ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ይሄዳል። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በየቀኑ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይለጠፋል። በወቅቱ ካልተነሣ ከምራቅ ማዕድን ጋር ጠንክሮ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲቦረሽ ይደማል። እዚህ ደረጃ ላይ ከጸዳ ይድናል። ከተተወ ግን በአንዳንዱ ሰው ብግነቱ ወደ ውስጥ ይገባና አጥንቱን ይበላዋል። አጥንቱ ሲሄድ ድዱ ይከተለዋል። ድዳቸው ሲደማ ብሩሹ የጎዳቸው መስሏቸው መቦረሽ የሚተዉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚደማው ብዙ ጊዜ ያልጸዳው ቦታ ነው።

መፈተጉ ደግሞ ጽዱዎቹን ነው የሚያገኛቸው። ጠንካራ ብሩሽ ይይዛሉ፣ በጉልበት ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ። ድዳቸው አይደማም፣ ድንጋይም የለባቸው። ግን ክራንቻውና ከክራንቻው ኋላ ያሉት ጥርሶች ሥራቸው ወጥቷል። «ኧረ እኔ እኮ በቀን ሦስቴ ነው የምቦርሸው!» ይላሉ። ልክ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው።

መፋቂያም ከዚህ አያመልጥም። ወይራ ይሁን ክትክታ፣ መፋቂያ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች ሰው እንዲጠቀምበት አበረታቷል። ነገር ግን ጫፉ በደንብ ታኝኮ ካልለሰለሰ፣ ድዱን እየገፈፈ ነው የሚያጸዳው። ጫፉን አለስልሱት። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ አንቀሳቅሱት እንጂ ወደ ጎን አትጎትቱት። ሲያረጅ ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ። በከሰል፣ በአመድና በጨው መፈተግ ላይ ግን አልደራደርም። እነዚህ የሚያነጡት እየፋቁ ነው፤ ኢናሜል የሌለውን ሥር ደግሞ ቶሎ ይሸረሽሩታል።

የቀሩት ምክንያቶች ከተፈጥሮም ከልማድም ይመጣሉ። ድዱ በተፈጥሮው ስስ የሆነ ሰው አለ። ከሰልፍ ወጥቶ የበቀለ ጥርስ በውጭ በኩል ያለው አጥንት ስስ ስለሚሆን ድዱ ቶሎ ይሸሻል። ከንፈርን ከድድ ጋር የሚያያይዘው ክር አንዳንዴ እስከ ድዱ ጠርዝ ደርሶ ይጎትታል፤ በተለይ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ። ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ክልል ወደ ውጭ ከገፋው ድዱ ሊሸሽ ይችላል። ትንባሆም አለ። ዕድሜ ብቻውን ድድ አያሸሽም፤ ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ይጠራቀማል።

የተነቀሰ ድድ ይጠነክራል?

ጎጃም ላይ ሆኖ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና አያቶች የሌሉበት ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱ ውበት ነው፤ ጥርስ በጠቆረ ድድ ላይ ነጥቶ ይታያል፣ ይህንን ማንም አይክድም። ሁለተኛው «ድድ ያጠነክራል፣ መድማት ያቆማል» የሚለው ነው። ይኼኛው አይሆንም። መርፌው ወይም እሾሁ ጥላሸቱን ድድ ውስጥ ያስገባል እንጂ ባክቴሪያውንም ድንጋዩንም አይነካም።

ጉዳቱ ደግሞ አለ። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ከተነቀሰ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። ሌላው ጉዳት ስውር ነው። የተቆጣ ድድ መጀመሪያ የሚታወቀው በመቅላቱ ነው፤ ንቅሳቱ ግን መቅላቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የተነቀሱ እናት ካሏችሁ «ድድዎ ደህና ነው ወይ?» ብላችሁ ቀለሙን አትዩ። ሲፍቁ ይደማ እንደሆነ፣ ጥርሳቸው ይነቃነቅ እንደሆነ ጠይቁ። ንቅሳቱ ለንቅለ ተከላውም ጣጣ አለው፤ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አያድግም?

አያድግም። ዘይት ቢቀቡት፣ ጥቁር አዝሙድ ቢያደርጉበት፣ በጨው ውኃ ቢጉመጠመጡ የሄደው ድድ አይመለስም። ቅርንፉድ ሕመም ያደነዝዛል፤ ሥር ግን አይሸፍንም። የጨው ውኃም ለቁስል ደግ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ማድረግ የሚቻለው መሸሹን ማስቆም ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለአብዛኛው ሰው የሕክምናው ዋና ክፍል እሱ ነው። ማሸጊያው ላይ «ሶፍት» የሚል ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይሁን። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ ያዙት፤ እንዲህ ሲያዝ ጉልበት መጨመር አይመችም። ወደ ድዱ ጠርዝ ሰያፍ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ። ጥዝጣዜ ላለበት ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጥርስ ሳሙና አለ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ነው የሚሠራው። የጥርስ ሐኪምም ሥሩን በፍሎራይድ ሊቀባው ወይም በጥርስ መሙያ ሊሸፍነው ይችላል።

ክሊኒክ ሄዶ ጥርስ መታጠብስ ድድ አያሸሽም?

ይህ ሐሜት ሥር የሰደደ ነው። «ታጥቤ መጣሁ፣ ጥርሴ ሳሳ፣ ክፍተት ወጣበት» ይባላል። የሆነው ሌላ ነው። ድንጋዩ በጥርሶቹ መካከል ሞልቶ ነበር፤ ከሥሩም ድዱ ቀድሞ ሸሽቶ ነበር። ድንጋዩ ሲነሣ የተደበቀው ታየ። ያበጠውም ድድ ሲረጋ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያ መዳን ነው።

ታዲያ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ሐኪሙ መጀመሪያ ይለካል። ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ ይዞ ሥሩ ምን ያህል እንደወጣ፣ ከድዱ ሥር ያለው ኪስ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ያያል። ራጅ አንሥቶ በጥርሶቹ መካከል ያለውን አጥንት ያያል። ሸሽቶ የቆመ፣ የማያም፣ በብሩሽ የሚጸዳ ድድ ብዙ ጊዜ በክትትል ይታያል እንጂ አይነካም። ዕድሜ ልካቸውን ከሸሸ ድድ ጋር ኖረው ጥርሳቸውን ሳያጡ የሚያልፉ ሰዎች አሉ።

ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ልኬቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሲጨምር ነው። ጥዝጣዜው በሌላ መንገድ አልመለስ ሲልም ነው። ሥሩ መቦርቦር ከጀመረ፣ ጠንካራው ድድ አልቆ ጥርሱ ዙሪያ የሚንቀሳቀስ ስስ ሥጋ ብቻ ከቀረ፣ ወይም ብሬስ ሊታሰር ከሆነና ድዱ ስስ ከሆነም ይታሰባል። «ስስቅ ያስጠላኛል» ማለትም በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም ሊያሳፍራችሁ አይገባም።

ድንጋይና ብግነት ያለበት ድድ ላይ ግን አይተከልም። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ኪሱ ይታከማል፣ አቦራረሹ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ይለካል። ሳያጥብ፣ ሳይለካ፣ የመጣችሁ ዕለት «እንትከልልህ» የሚል ካጋጠማችሁ ሌላም ሐኪም ጠይቁ።

የሚተከለው ሥጋ ከየት ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ከራሳችሁ ላንቃ፤ ከላይኛው የመንጋጋ ጥርሶች ጎን ካለው ወፈር ያለ ክፍል። የሚወሰደው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ነው። አወሳሰዱ ሁለት ዓይነት ነው።

የድሮው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው መንገድ፣ የላንቃውን ቆዳ ከነላዩ ገፎ ይወስዳል። ድዱን ወፍራምና ጠንካራ ለማድረግ ጥሩ ነው፤ ላንቃው ላይ ግን ክፍት ቁስል ይተዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1985 ላንገር የሚባሉ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ነው። ላንቃው ላይ ስስ ክዳን ይከፈታል፣ ከሥሩ ያለው ውስጣዊ ሥጋ ይወሰዳል፣ ክዳኑ ተመልሶ ይሰፋል። የተወሰደው ሥጋ ጥርሱ ጋ ከነባሩ ድድ ሥር ይገባና ድዱ ተስቦ ከላዩ ይለበሳል። የተራቆተ ሥር ለመሸፈን ዛሬ ይበልጥ የሚመረጠው ይህ ነው።

አንዳንዴ ላንቃው አይነካም። የጎረቤት ጥርስ ድድ ወፍራም ከሆነ በአንድ በኩል ሳይቆረጥ ወደ ጎን ዞሮ ይለበሳል። ከውጭ የሚመጣ ሥጋም አለ። አንዱ ከሞተ ሰው ቆዳ ሴሎቹ ወጥተውለት የተዘጋጀ ነው። ሌላው ከአሳማ የተሠራ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ይህ የሚያሳስበው ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ «የምትተክሉብኝ ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። የራስ ላንቃ እያለ ምርጫ አይጠፋም።

ባዶ ሥር ላይ የተለጠፈ ሥጋ እንዴት ሊኖር ይችላል?

የነገሩ ዋና እዚህ ነው። ከላንቃ የተቆረጠው ሥጋ የደም ሥሩ ተቋርጧል። አዲሱ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ለመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ቀናት የሚኖረው ከበታቹና ከጎኑ የሚመጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ብቻ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከዙሪያው ቀጫጭን የደም ሥሮች መግባት ይጀምራሉ። ሳምንት ገደማ ሲሆን ደም ይዘዋወርበታል። የጥርስ ሥር ግን ደም የለውም። እዚያ ላይ ያረፈውን ሥጋ ከበታች የሚመግበው የለም ማለት ነው።

ጮቄ ሥር ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ከጨፌ ሣር ከነአፈሩ ቆርጣችሁ እርጥብ መሬት ላይ ብታለብሱት ይይዛል። ሰፊ አለት ላይ ብታለብሱት ይደርቃል። ድንጋዩ ጠባብ ሆኖ ዙሪያው እርጥብ አፈር ከሆነ ግን ሣሩ ከጎን እየጠጣ ድንጋዩን ሸፍኖ ይኖራል። የተራቆተው ሥር ድንጋዩ ነው። እርጥቡ አፈር ከጥርሱ ግራና ቀኝ ያለው ድድና አጥንት ነው።

«ድዴ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 መሸሽን በ4 ደረጃ ከፈለው። ዛሬ ይበልጥ የሚሠራበት አዲሱ መለኪያ 3 ደረጃ አለው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ድድና አጥንት ካልተነካ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን ይችላል። በከፊል ከሄደ በከፊል ይሸፈናል። በጣም ከሄደ ሥሩን መሸፈን አይጠበቅም። በመፈተግ የሸሸ ድድ ብዙ ጊዜ ጎኖቹ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ ያምራል። በበሽታ የሸሸ ግን ጎኖቹም አብረው ሄደዋል። ሁለት ሰዎች 4፣ 4 ሚሊ ሜትር ሸሽቶባቸው፣ ያው ሐኪም ያው ሥራ ሠርቶላቸው ውጤታቸው የሚለያየው በዚህ ነው። እና ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ያንተ ሙሉ አይሸፈንም» ካለ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ እውነቱን እየነገራችሁ ነው።

ቀለሙ ይለያል?

ሊለይ ይችላል፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ተደጋግሞ መነሣት ያለበት ነገር ነው። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ይላል። ላንቃ ግን ብዙ ጊዜ ሮዝ ነው። ከነላዩ ቆዳ የተወሰደ ቁራጭ የላንቃውን ቀለም ይዞ ይኖራል፤ በጠቆረ ወይም በተነቀሰ ድድ መሃል ፈዛዛ እራፊ መስሎ ይታያል። በሁለተኛው መንገድ ግን ከላይ የሚለበሰው የራሱ የቦታው ድድ ስለሆነ ቀለሙ ይስማማል። የፊት ጥርስ ከሆነ ይህንን ሳትጠይቁ ወንበሩ ላይ አትቀመጡ።

ያማል?

ሲሠራ አያምም። የማደንዘዣ መርፌው ይወጋል፤ ላንቃ ላይ ሲወጋ በተለይ ያማል፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ መነካካት ብቻ ነው። ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም። እንደ ጥርሶቹ ብዛት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በዕለቱም ወደ ቤት ይኬዳል።

ማደንዘዣው ሲለቅ ከጥርሱ ይልቅ ላንቃው ነው የሚያስቸግረው። ትኩስ ሻይ ያቃጠለው ዓይነት ስሜት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል። የታዘዘው ማስታገሻ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ላንቃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞላል። ጉንጭም ትንሽ ሊያብጥ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ምን ይበላል፣ ምንስ ይተዋል?

የተተከለው ሥጋ ከተንቀሳቀሰ የሚገቡት የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ክልከላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከንፈራችሁን ገልባችሁ በመስታወት አትዩት። ምን ሆኖ ይሆን የሚለው ጉጉት የስንቱን ስፌት እንደሚጎትት! ጎረቤት «እስቲ ላየው» ቢልም አይታይም። ቦታውን ለ2 ሳምንት ያህል አትቦርሹት፣ በመፋቂያም አትንኩት። በምትኩ ክሎርሄክሲዲን የተባለ መጉመጥመጫ ይታዘዛል፤ ጥርስ ትንሽ ያጠይማል፣ በኋላ ግን በእጥበት ይለቃል። ስፌቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

ምግቡ ለስላሳና ለብ ያለ ይሁን። አጥሚት፣ በውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ ፍትፍት። ጾም ቢሆንም የሚበላ አይጠፋም። ቆሎ፣ ጥሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የደረቀ ቂጣ ይቅር። ሚጥሚጣና አዋዜም ይቆዩ። ቡና አትጠጡ አልልም፤ ሰሚ የለም። በመጀመሪያው ቀን ግን ትኩስ ነገር ደም ያስነሣል፣ ይቀዝቅዝላችሁ። አረቄ ግን አይሆንም፤ መጠጣቱም፣ «ጀርም ይገድላል» ብሎ መጉመጥመጡም ቁስሉን ያቃጥለዋል። ጫት ቅጠሉ ይፈትገዋል፣ አፍም ያደርቃል። ሲጋራ ከሁሉ ይብሳል፤ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የተተከለው ሥጋ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከደም ሥር ሌላ የሚፈልገው የለም።

ማን ቀድሞ መናገር አለበት?

ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሳይስተካከል ቢሠራለት ቁስሉ ይዘገያል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ይናገር፤ በራሱ ግን አያቋርጥ። የልብ ቫልቭ ሕመም ያለበት፣ በየወሩ መርፌ የሚወጋውም ቢሆን፣ የልብ ሐኪሙን ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ለአንዳንዱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፀረ ባክቴሪያ መስጠት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናት ጥርሷን ትታጠብ፣ ትታከም፤ ንቅለ ተከላው ግን ከወለደች በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ለጎጃም ሰው የት ይሻላል?

ምርመራው፣ እጥበቱና የአቦራረሽ ምክሩ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ይገኛል። ንቅለ ተከላው ግን የሁሉም የጥርስ ሐኪም የዕለት ሥራ አይደለም። የድድ ስፔሻሊስቶች በአገር ደረጃም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊመጣ ይችላል፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሄድ በፊት ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ነገሩ ድንገተኛ አይደለም። ወራት ቢዘገይ፣ ጽዳቱ እስከቀጠለ ድረስ፣ ብዙ የሚጎድል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሠርቶ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ለስፌቱና ለክትትሉ እንደገና መቅረብ አለ። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ዘመድ ቤት 2 ሳምንት መቆየት ይሻል እንደሆነ፣ ወይም ስፌቱን ቅርብ ያለ ሐኪም ያወጣው እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሐኪሙን ደግሞ በግልጽ ጠይቁት። ይህን ሥራ አዘውትረህ ትሠራለህ? የኔ ሥር ምን ያህሉ ይሸፈናል? ከየት ነው የምትወስደው? ክፍያው ክትትሉን ይጨምራል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ካልያዘስ?

በመጀመሪያው ሳምንት ላዩ ነጣ ብሎ ሊገፈፍ ይችላል። ብዙ ሰው «በሰበሰ» ብሎ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው። አትንኩት፤ ከሥሩ ሕይወት ያለው ሥጋ እየያዘ ሊሆን ይችላል። የማይቆም ደም፣ እየባሰ የሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም መግል ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ።

አንዳንዴ በእርግጥ አይዝም። ቁራጩ ይሟሟል ወይም ይላቀቃል። እንዲህ ሲሆን ጥርሱ አይጠፋም፤ ድዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደነበረበት አካባቢ ይመለሳል። ቦታው ድኖ እስኪጠነክር ጥቂት ወራት ይጠበቅና እንደገና ሊሞከር ይችላል። የያዘው ደግሞ በአንድ ጊዜ መልኩን አያሳይም። መጀመሪያ ወፍሮ፣ አብጦ፣ የማያምር ሆኖ ይታያል፤ በወራት ውስጥ ይረጋል። አንዳንዱ እንዲያውም እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ሌላ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን የለካውን ቁጥር ካርዳችሁ ላይ እንዲጽፈው አድርጉ። ከ6 ወር በኋላ ሲለካ የምታመሳክሩት ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።